ሰባ ሁለት ብዬ ጠራሁ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስፌት ቤቱ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አሰሪዬ ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የልክ መዝገቡን ገልጠው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። የባለ ትልቁ በር ቤት እመቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ያመጡትን ሰማያዊ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይዳብሱታል። ልጃቸው መስታወቱ ፊት ቆማለች። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ሜትሩ ገና አንገቴ ላይ ነው።

«እሁድ እንግዶች አሉብን» አሉ እትዬ። «ተራ እንግዶች አይደሉም። ልጁ መሐንዲስ ነው። እናቱ ደግሞ ስፌት ታውቃለች፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም። እንዳታሳፍሩኝ አደራ።»

«እኛ ያሳፈርነው ሰው የለም፤ አንዳንዱ ሰው ነው ልብሳችንን የሚያሳፍረው» አሉ ጋሽ መቀስ። ስማቸው የወጣላቸው ለዚህ ነው፤ ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይስላል።

እትዬ ከልባቸው ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። በመስታወቱ ውስጥ እኔን እኔን ታያለች።

ሰፈሩ ሁሉ «እህታችን» ነው የሚላት። በቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን የምትጠይቅ፣ አልጋ ላይ የዋለውን የምታጥብ፣ የሌላውን ተራ ሁሉ የምትወጣ እሷ ናት። እኔም ከሰው ጋር ሆኜ ስጠራት እህታችን እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አልላትም። ብቻዬን ስሆን ምንም ብዬ አልጠራትም፤ ዝም ብዬ አስባታለሁ።

በእኛ ቤት አንዱ ይለካል፣ ሌላው ይጽፋል። የሚለካው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጸሐፊው ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። «በሁለት አፍ ያለፈ ቁጥር አይሳሳትም» ይላሉ ጋሽ መቀስ። ይህ ሥርዓት ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀሚስ አላበላሸባቸውም።

ትከሻዋን ለካሁና ጠራሁ። የእጇን ርዝመት ጠራሁ። እነዚህን መዋሸት አላስፈለገም፤ አጥንት አይከሳም። ወገቧ ጋ ስደርስ ሜትሩን አዙሬ ሳብ አደረግሁት። ከቀሚሷ ስር ያገኘሁት ጥጥ ነው፤ እኔው ራሴ በገበሩ ውስጥ የሰፋሁት ጥጥ። ጥጡ ተጨምቆ አልቆ ሜትሩ ሲቆም ስድሳ አንድ ላይ ነበር።

ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗ ግን «አደራህን» አለኝ።

«ወገብ፣ ሰባ ሁለት» ብዬ ጠራሁ።

ጋሽ መቀስ ብዕራቸውን አነሡ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱት። እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩአት፣ ከዚያ ቀስ ብለው «ሰባ... ሁለት» ብለው ጻፉ።

«እንዲያውም ወፈር ብላልኛለች» አሉ እትዬ ደስ ብሏቸው። «ጉንጯን አታዩትም?»

ጉንጯ እውነትም ሞላ ብሎ ነበር። ከበሽታው እንደሆነ ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ይህን ብቻዬን በማወቄ ልቤ ሞቅ አለ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ከውሸቱ ይልቅ ያ ሙቀት ነው።

*

ከአምስት ወር በፊት ነው የጀመረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ መቀስ በሌሉበት ብቻዋን መጣች። ያረጀ ቡናማ ቀሚሷ ላይዋ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ኩላሊት ነው አሉኝ» አለችኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ። «ሐኪሙ ተኝተሽ ታከሚ ብሎኛል። እተኛለሁ። ግን አሁን አይሆንም፤ ሽባ የሆነችው ልብስ አጣቢ አለች፣ እግሩ የቆሰለው ሹፌር አለ፣ መንታ የወለደችው አለች። እማዬ ካወቀች ደጅ አታስወጣኝም። እና... ልብሱ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ትችላለህ?»

አሁኑኑ ተኝታ እንድትታከም መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን ስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሴት ስታናግረኝ ጆሮዬ የሚቀላ ሰው ነኝ። እችላለሁ አልኩ። ትከሻው ላይ ስፖንጅ አደረግሁ፣ ወገቡና ዳሌው ላይ በገበሩ ውስጥ ጥጥ ዘረጋሁ። ለብሳው ዞር ዞር ስትል ድሮ የማውቃት ሆነች። «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ ጋሽ መቀስ ሲወጡ ጠብቃ ትመጣለች፤ ሰውነቷ በቀነሰ መጠን ጥጡ ይጨመራል። እኔ ስሰፋ እሷ መስኮቱ ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ትቀመጥና ራሷን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች። ብዙም ሳትቆይ እንቅልፍ ይወስዳታል። እንዳትነቃ የስፌት መኪናውን ትቼ በእጄ እሰፋለሁ። ሥራው ያለቀ እንደሆነ ስፌቱን ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ቀን አንድ እጅጌ አራት ጊዜ ሰፍቻለሁ።

ያን ሐሙስ እናትና ልጅ ወጥተው በሩ እንደተዘጋ ጋሽ መቀስ መዝገቡን ከደኑት።

«ልጄ፣ ዓይኔ ደከመ እንጂ አልታወረም። ሜትሩ የት ላይ እንደቆመ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ።»

ሜትሩን ጣቴ ላይ ጠቀለልኩ።

«ምን ሆና ነው?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጥጡንም፣ እንቅልፏንም። ስጨርስ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ያብሱ ጀመር።

«ስለምወዳት ነው ጋሼ» አልኩ በመጨረሻ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

«አውቃለሁ። አንተ የወደድካት ግን ምስጢሯን ነው። ሌላ ሰው ካወቀማ በርጩማው ላይ የሚያስቀምጣት የለም፤ ምስጢሩም የብቻህ አይሆንም። ዋሸሁ?»

አልዋሹም።

«እሷም ብትሆን» አሉ፣ «ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ነው የታዘዝነው። ሰፊ ነህ፣ ይግባህ፤ ራሷን ሳትለካ ለሰው የምትቆርጥ ሴት የማንንም ልክ አታመጣም። ፈጣሪ የሰጣትን አንድ ጨርቅ ለሰው ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ አድርጋ ጨረሰችው። እሱ ይህን አዟታል? እኔ እንጃ። እኔ ደጁን ከሳምኩ ስንት ዘመኔ፣ ቢሆንም አይመስለኝም።»

ከዚያ ተነሥተው ሻይ አመጡልኝ። አልጠጣሁትም። ከአሰሪዬ ፊት እንዳላለቅስ ኮረሪማ እንደነከሰ ሰው አፌን ገጥሜ ተቀመጥኩ።

*

መናገር ስለማልችል ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደድኩት፣ ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ላይ የቀረው ይህ ብቻ ነው፦

«ለእህታችን። ከእንግዲህ ወዲያ ልብስሽ ውስጥ ጥጥ አልሰፋም። ከእሁድ በኋላም አልሰፋም። እባክሽ አትምጪ ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ ማለቴ ነው።»

ወረቀቱን አጥፌ ከእትዬ ቤት ተልካ ከመጣች ሠራተኛ ጋር ላክሁት። ዓርብ ማታ መልሱ መጣ፤ የእሷ ጽሑፍ የተማረ ሰው ጽሑፍ ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

«ደብዳቤህ ደርሶኛል። 'ከእሁድ በኋላም' ያልከው ገብቶኛል። መሐንዲሱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ለምን በእሱ እንደምትቀጣኝ ግን አልገባኝም። አንተ እንዲህ ያለህ ሰው አትመስለኝም ነበር።»

ሐኪም የሚለውን ቃል የጻፍኩት አንድ ጊዜ ነው። ያንን ዘልላ ቅናቴን አነበበች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቅናቱም እውነት መሆኑ ነው።

ቅዳሜ እረፋዱ ላይ ራሷ መጣች። ጋሽ መቀስ ሲያዩዋት «ክር ልገዛ» ብለው ወጡ፤ መደርደሪያችን ላይ የአንድ ዓመት ክር አለ።

በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም። ቆመች።

«ቀናህ አይደል?»

«ቀንቻለሁ» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። «ግን የጻፍኩት በሱ ምክንያት አይደለም። ስድሳ አንድ ነሽ። በመጀመሪያው ቀን ሰባ ነበርሽ። እኔ ነኝ የምለካሽ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እያለቅሽ ነው።»

እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። እሷም ሰምታኝ አታውቅም መሰለኝ፣ ፊቷ ደነገጠ፤ ከዚያ ፈገግ አለች።

«አንተ ዝምተኛ፣ ለካ ጠጠር ውጠህ ነው ዝም የምትለው!»

«አትቀልጂ።»

«እና ምን ላድርግ? ረቡዕ አጣቢዋን ማን ያገላብጣታል? ጀርባዋ ቆስሏል እኮ።»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«አንተ?» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራትና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ሴትዮዋ ደህና አደርክ ስትልህ ከበሩ ትመለሳለህ።»

«እመለሳለሁ። ከዚያ ደግሞ እገባለሁ።»

ያኔ ተቀመጠች። ራሷን ግን ግድግዳው ላይ አላስደገፈችም።

«ጌታም እኮ» አልኩ፣ ጋሽ መቀስ ካሉት ውስጥ ያልሆነ የራሴን ነገር ፈልጌ፣ «ደክሞት ታንኳ ውስጥ ተኝቷል። በማዕበል መሃል።»

«እሱ ሲነሣ ማዕበሉ ጸጥ ይላል። እኔ ስነሣ የሚጠብቀኝ ያው የረጠበ አንሶላ ነው።» እጇን አየች። ቀለበቷ ከጣቷ እንዳይወድቅ ክር ተጠምጥሞበታል። «እውነቱን ልንገርህ? ስለ ጽድቅ ብቻ አይደለም። በቤታችን እኔ የምፈለገው እንደ ነገው ባለ ቀን ለብሼ እንድቆም ነው። እነዚያ ሰዎች ጋ ስገባ ግን 'መጣሽልን' ይሉኛል። መጣሽልን! ካረፍኩ ማንም አይፈልገኝም ብዬ እፈራለሁ። ሲጸልዩልኝ እንኳ 'ብርታት ስጣት' ነው የሚሉት። 'አሳርፋት' ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

«እኔ እላለሁ» አልኩ። «በየቀኑ እላለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ስፌቱን እየፈታህ እንደምትሰፋ አውቅ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማሃለሁ። የማርፈው እዚህ ብቻ ነው።»

እጄን ልዘረጋ ነበር። አልዘረጋሁም።

«ሰኞ ወደ ሐኪሙ ሂጂ።»

«እሁድ ይለፍና» አለች። «እሁድ ይለፍና እናያለን።»

ይህን ቃል አምስት ወር ሰምቼዋለሁ፤ ወሩ ይለፍና፣ መንትዮቹ ይነሡና፣ የሹፌሩ ቁስል ይድረቅና። በሩ ላይ ዞር ብላ «ቀሚሱን ራስህ አምጣው፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ከሄደች በኋላ በርጩማው ለብቻው ቀረ፤ እኔም አጠገቡ እንደ እሱ ቆሜ ቀረሁ፣ ማንም ያልተቀመጠብኝ ዕቃ ይመስል።

*

ቀሚሱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆረጥኩት። መዝገቡ ላይ ሰባ ሁለት ይላል። በጠመኔ ያሰመርኩት ግን በስድሳ አንድ ነው። ገበር የለው፣ ጥጥ የለው። ለእትዬ በአፌ መናገር እንደማልችል አውቅ ነበርና በመቀስ ተናገርኩት። ጋሽ መቀስ ከኋላዬ ቆመው አዩ፤ ጨርቁ እንዳይንሸራተት ጫፉን ያዙልኝ።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ትልቁን በር አንኳኳሁ። በማእድ ቤቱ በኩል አስገቡኝና መተላለፊያው ላይ እንድጠብቅ ተነገረኝ፤ የሚስተካከል ነገር ካለ ተብሎ። ከሳሎን የእንግዶች ድምፅ ይሰማል። መሐንዲሱ ስለ አንድ ድልድይ ያወራል። ድምፁ የደግ ሰው ድምፅ ይመስላል፣ ያ ደግሞ ይበልጥ ከፋኝ።

ልጅቷ ቀሚሱን ይዛ ክፍሏ ገባች። በሩ ተዘጋ። ብዙ ቆየች። ገና እጇን ስታስገባ ጥጥ እንደሌለው ገብቷት መሆን አለበት። አውልቃ ቡናማውን መልበስ ትችል ነበር፤ ቡናማው ጥጥ ሞልቶታል። እኔ በሩን እያየሁ «አውልቂው» እላለሁ በሆዴ፣ መልሼ ደግሞ «አታውልቂው» እላለሁ።

በሩ ተከፈተና ወጣች።

ልብሱ ልኳ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ ልክ የመጣ ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም። በውስጡ ያለችው ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የምታህል ሴት ናት፤ ክንዷ በእጅጌው ውስጥ እንደ ሸምበቆ ነው፣ ቁርጭምጭሚቷ ደግሞ አብጦ ጫማው ላይ ፈሷል።

እትዬ «ነይ እንጂ፣ ሰው እየ—» እያሉ ከሳሎን ወጡ። ቃሉን አልጨረሱትም።

ወደ ልጃቸው ቀረቡ። በሁለት እጃቸው ወገቧን ያዙ። ጣቶቻቸው አጥንት ላይ አረፉ።

«ምንድነው ይኼ?» አሉ ቀስ ብለው። «ምንድነው ይኼ? ሰባ ሁለት ብለህ አልጠራህም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ!»

«ዋሽቼ ነው እትዬ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አምስት ወር።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ምነው በመቱኝ። ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንግዶቹ በሩ ላይ ቆመው እያዩ።

«ሳቅፋት ወፈር አለችልኝ ብዬ አመስግኛለሁ እኮ!» አሉ። «በየቀኑ አቅፌያታለሁ! ጥጥ ነው ያቀፍኩት? አንተ ልጅ፣ ጥጥ ነው ያሳቀፍከኝ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያስደረግሁት» አለች ልጅቷ። «እሱ ምንም—» ብላ ጉልበቷ ከዳት። መሐንዲሱ ነው የያዛት። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ነበር።

መኪናቸው ውስጥ ሲያስገቧት መስኮቱ ጋ ደረስኩ። መስታወቱ ግማሽ ወርዶ ነበር። ስታየኝ የተቆጣች አልመሰለኝም። ደክሟት ነበር፤ በቃ፣ ደክሟት ነበር።

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ልክ አደረግህ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። «ግን አሁን የት ነው የማርፈው?»

መኪናው ሄደ። እኔ ያን ጥያቄ ይዤ መንገዱ ላይ ቀረሁ።

*

ሐኪሙ ለእትዬ የነገራቸውን ጋሽ መቀስ ሰምተው ነገሩኝ። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። ከአራት ወር በፊት ብትመጣ ኖሮ በመድኃኒት ሊመለስ የሚችል ነበር ብሏል። አሁን ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ እሱንም ሰውነቷ እንደሚችለው እርግጠኛ አይደለም። ጋሽ መቀስ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው።

ሰኞ ማታ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን ጸለይን። ከጸሎቱ በኋላ መጋቢው የእህታችንን ተራ የሚወስድ ሰው ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሳምንቱ በሙሉ ተደልድሎ አለቀ። ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት እናት «ተናግራ ቢሆን እኮ ድሮ እናደርገው ነበር፤ የምትወደው መስሎን ነው» ብለው አለቀሱ።

እኔ ረቡዕን ወሰድኩ። አጣቢዋ ቤት ደጃፍ ድረስ ደርሼ አንድ ጊዜ ተመለስኩ፣ ከዚያ ገባሁ። ሴትዮዋ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

«ያቺ ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ።

አንሶላውን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ተይ እያልኳት ነበር» አሉ። «ስትመጣ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ ደግሞ እንዳትነቃ ብዬ ውሃ እየጠማኝ ዝም እላለሁ። ካነቃኋት ተነሥታ ትሠራለቻ! ለማን ልንገር? አልጋ ላይ ነኝ።»

ውሃ ሰጠኋቸው። ጀርባቸውን አገላበጥኩ። የእንባዬ ጠብታ ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ አውቀውታል መሰለኝ፣ «ይገርማል፣ ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ» ብለው ቀለዱብኝ።

በማግስቱ ሐሙስ ሆስፒታል ሄድኩ። የክፍሉ ዘበኛ በእናቷ የተጻፈውን የጠያቂዎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየና የለህበትም አለኝ። ወደ ሥራ ተመለስኩ።